ወላፈኑና የማንጠግቦሽ ዓይን

ኅዳር ፪ ቀን፣ ዓርብ፣ ጠዋት (ጣሊያን ከገባ ሦስተኛው ዓመት)

ስማ ስማ፣ አንተ ደብተር! የሰማህ ላልሰማው አታሰማ! ዛሬ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ሳይነሣ፣ እኔ የመሪጌታ ልጅ ነጠላዬን አራት ጊዜ አውልቄ አራት ጊዜ ለብሻለሁ። ስለዚህ ታላቅ ጉዳይ እስካሁን ምንም አዋጅ አልወጣም።

ወላፈን ነው። ከደረት ይነሣል፣ አንገት ይይዛል፣ ጆሮ ላይ ይነግሣል። ከዚያ ላብ። ከዚያ ብርድ። መርምሬአለሁ። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ፤ ባሰ። ወባ እንዳይባል ዓባይ በረሃ ከወረድሁ ዘመን ሆኖኛል። ዛር እንዳይባል ዛር ሽቶና ቀይ ዶሮ ይጠይቃል፤ የኔው የሚጠይቀው ሰፌድ ብቻ ነው፣ ለማራገቢያ። ዕድሜ እንዳይባል ገና አርባዬ ነው። አርባ። ተጻፈ።

ኅዳር ፫፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ

አፍሬአለሁ። እጄ ይጻፍ እንጂ እኔ አላይም።

ቅቤ ተሸክሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ። የጣሊያን ኬላ ላይ ሰልፍ። ተራዬ ሲደርስ ወላፈኑ መጣ፣ ቀጠሮ እንዳለው ሹም። ፊቴ በርበሬ። ላቤ ይወርዳል፣ ቅቤውም ከኔ ጋር ይቀልጣል። በረኛው ባንዳ፣ በጡቴ ላሳድገው የምችል ልጅ፣ አንቺ እያለ ምን ደብቀሽ ነው የሚያልብሽ ይለኛል። ባሌ ዱር ከገባ ሁለት ዓመቱ። ባንዳው ይህን ባያውቅ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ያውቃሉ። አንዷ ታንሾካሹካለች፦ ባሏ ዱር፣ እሷ ቀላች፤ ልማዷም ቀርቷል አሉ፤ እንግዲህ ከማን ይሆን?

አንድ ቃል ያድነኝ ነበር። ዕድሜዬ ነው ማለት። በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት አፌ እምቢ አለ። በምትኩ ጣቴ ተነሣ። ከጎኔ ገንቦ የተሸከመች ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ማንጠግቦሽ። ይህች ሴት በዓይኗ በላችኝ አልሁ።

ሰው እንደ ገለባ ተበተነ። ባንዳው ጠመንጃውን እንደያዘ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጀግናው። በግፊያው አንድ ገንቦዋ ወድቆ ተሰበረ። ስብርባሪውን ልትለቅም ጎንበስ ስትል ጮኹባት፣ ከተረፈው ጋር መለሷት። እኔን አይዞሽ ብለው አሳለፉኝ። ቅቤዬም ተሸጠ።

ኅዳር ፬፣ እሑድ

ተበልቼ እከበራለሁ። ጎረቤቴ ወ/ሮ አለሚቱ ጤና አዳም አፍንጫዬ ውስጥ ልትተክል ምንም አልቀራት። ከእንግዲህ ከማንጠግቦሽ ድስት የሚገዛ ዓይኑ ይጥፋ ብላ ማለች። ሌሎቹም አሜን። እኔ ጤና አዳሜን አሸታለሁ። የነፍስ አባቴ ጠበል ረጩኝ። ጠበሉስ ደስ ይላል፤ ቀዝቃዛ ነው።

ኅዳር ፲፣ ቅዳሜ

ማንጠግቦሽን ዛሬም ከኬላው መለሷት። አየሁ። እሷም አየችኝ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ አለፍሁ። ወላፈኑ አልመጣም ነበር፤ ፊቴ ግን ነደደ።

ኅዳር ፲፪፣ ሰኞ፣ ቅ/ሚካኤል

አገር ሁሉ ጥራጊውን ሲያጤስ ይውላል። የኔ ጭስ ከውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ መጣብኝ። የማንጠግቦሽ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ። ዓይኗ ምን ዓይነት በቅሎ ቢጭን ነው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የሚመላለሰው?

አትሳቅ፣ ደብተር። በኬላውም አውቄው ነበር። ጣቴ ሲነሣ አውቄው ነበር። ልማደ አንስት ከተወኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የአብርሃም ሚስት ሣራስ ብትሆን ዋሽታለች፤ ሳትስቅ አልቀረችም፣ አልሳቅሁም ብላለች። የሷ ውሸት ግን የማንንም ገንቦ አልሰበረም።

ኅዳር ፲፫፣ ማክሰኞ

ይቅርታ ልጠይቅ ወጣሁ። ደጇ ስደርስ ድስት ልገዛ የመጣሁ ሆንሁ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ!

ያልተሸጠው ሸክላ በግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ቆጥሬ አልጨረስሁም፣ ዓይኔን መለስሁ። እሷ ጭቃ ታቦካለች። እሳት አልነደደም። ነፋሱ ብርድ ነው። ድንገት እጇን አቆመች፤ ቀሚሷን ካንገቷ ሳብ አድርጋ ሰፌድ አነሣች፤ ታራግባለች። ፊቷ የኔን ፊት ሆነ። አፌ እንደ ማሰሮ ተከፍቶ ቀረ።

ወላፈኑ ከጀመራት አራት ዓመቷ ነው አለችኝ። መጀመሪያ ከሸክላው እሳት መስሏት መተኮስ ትታ ነበር። በነሐሴ ዝናብም ሲመጣባት እናቷን ብትጠይቅ እናቷ ሳቀችና እንዲህ አለቻት፦ ልማድሽ ሲሄድ ይህን አስቀምጦልሽ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮ እሱም ይከተላል።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እመቴ፣ እርስዎን እኔ በላሁዎት እንበል። እኔንስ ማን በላኝ?»

ሳቀች። በቅል ውሃ ሰጠችኝ። ከሸክላ ሠሪ ቤት ሰው አይቀምስም፤ እኔ ጨልጬ ጠጣሁ። ይህን እንኳ እንደ ይቅርታ ልቆጥረው ነበር። ይቅርታ አይደለም። ውሃ ጠምቶኝ ነው። ቃሉን ሳልናገር ተመለስሁ።

ኅዳር ፲፮፣ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ነገ ገበያ ነው። ማንጠግቦሽ ኬላው ድረስ ትምጣ ብዬ ላክሁባት፤ አንዱን ገንቦ እኔ እሸከማለሁ። መልሷ አንድ ቃል፦ እስቲ።

አለሚቱ አረጀች ትላለች። ትበል። ወሬው ዱር ድረስ ባሌ ጋ ይደርሳል፤ እሱ ሲሄድ ሠላሳ ስምንቴ ነበር። ድንጋጤውን ከተኩሱ ጋር ይቻለው። አፌ ዳግመኛ እምቢ ቢል ወረቀቱ እንዲናገርልኝ ጽፌ እይዛለሁ። በኬላው በር የሚነበበው ይህ ነው፦

እርማት። ኅዳር ፫ ቀን በዚሁ በር፣ በሕዝብ ፊት፣ «ይህች ሴት በዓይኗ በላችኝ» ተብሎ የተነገረው ሐሰት ስለሆነ ተሽሯል። ተናጋሪዋን የበላት የለም። ያላባት ዕድሜዋ ነው፤ ያስዋሻት እፍረቷ ነው። የወ/ሮ ማንጠግቦሽ ዓይን ንጹሕ ነው፣ ገንቦዋም ውሃ አያፈስም። እንዲሁም ተናጋሪዋ በየማኅበሩ፣ በየለቅሶውና በገዛ ደብተሯ «አርባ» ስትል የኖረችው «አርባ ዘጠኝ» ተብሎ ይነበብ።