ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ውስጥ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሮስኮ፤

ወንድምዓለም፣ እንዴት ነህልኝ? ናዲንስ ደህና ናት? ሕፃኑን ሳሉ ለቀቀው? ያ የአላስካ ብርድ ጣቶችህን ጨርሶ አልበላቸውም? ወገብህንስ አሁንም ያምሃል? ከመርከብ ወርደህ ይህችን ወረቀት እስክታገኛት ስንት ቀን እንደሚያልፍ አላውቅም፤ ብቻ ስትደርስህ በጤናህ ታግኝህ። እኛ ከአባዬ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ስለ አባዬ ግን አልዋሽህም፣ ደህና አይደለም።

የእንጨት መሰንጠቂያው ብናኝ ሳንባውን ጨርሶታል። አሁን ያለ ኦክስጅን ከአልጋ ወደ ወንበር እንኳ አይሻገርም። ሐኪሙ ለብቻችን ጠርቶን ለእማዬና ለእኔ «ገናን ካየ ትልቅ ነገር ነው» አለን። አባዬ ራሱ የጠየቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ስንት ቀን ቀረኝ አላለም። «ለካርደር ጨዋታ እደርሳለሁ ወይ?» አለው። ሐኪሙ ሳቁ አመለጠውና «ለእሱ እንኳ ትደርሳለህ» አለ። አባዬም የቡድናችን የወጠጤ ጭንቅላት ያለባትን ኮፍያውን አስተካክሎ፣ በቃ፣ ጉዳዩ አለቀ።

የዊትሎአችንና የካርደር የፉትቦል ጨዋታ ትናንት ነበር። አልጋውን ሳሎን አወጣንለት። እንደ ድሮው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋን፣ ሬዲዮኑን ከፈትን፤ የሬዲዮው ሰውዬ የኛ ወገን ነዋ! እማዬ ጎድኑን ጠበሰች፣ ኦቾሎኒውን ቀቀለች። አክስት ኢሞጂን ከመስከረም ጀምሮ ያልታጠበውን ሸሚዟን ለብሳ መጣች። ዊትሎ ማሸነፍ እስኪያቆም አላጥበውም ብላ ምላለች፤ ሸሚዙ አሁን ብቻውን ቆሞ ይሄዳል። ጎረቤታችን ሆሊስ፣ ያው የካርደር ቀንደኛ ደጋፊ፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ወጠጤ ነን ትላላችሁ፣ ሙክቶች ናችሁ! ዛሬ ትታረዳላችሁ!» ሲል አክስት ኢሞጂን በመስኮት ብቅ ብላ «አንተን ብሎ አራጅ! ሚስትህ ማንኪያ እንኳ አታስይዝህ!» አለችው። አባዬ ሲስቅ ትንፋሹ ተቆራርጦ አስደነገጠን።

እረፍት ላይ ሃያ ለሰባት እየተመራን ነበር። ከዚያ የሆነውን ሳልነግርህም ታውቀዋለህ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እማዬ ካፖርቴን አመጣች። አክስት ኢሞጂን «ምን ትጠብቂያለሽ፣ አንቺ ልጅ? እስኪያልቅልን ነው?» ብላ የመኪናውን ቁልፍ ከምስማሩ ላይ አወረደች። አንቺ ልጅ የምትለኝ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላኝን ሴት ነው። ከአባዬ ጎን ተነሣሁና ወጣሁ።

ያችን የመጀመሪያዋን ቀን አንተም አልረሳሃትም። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ አንተ አሥራ አምስት። ስታዲየም ውስጥ በሃያ ነጥብ እየተመራን እኔ በረደኝ ብዬ ስነፋረቅ፣ አባዬ ትዕግሥቱ አልቆ «ሮስኮ፣ መኪናው ውስጥ ቆልፍባት! አንቺ ደግሞ ብትወጪ እግርሽን ነው የምሰብረው» አለ። ወስደህ ቆለፍክብኝ። ከዚያ ዊትሎ ተነሥቶ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። «ገዷ መኪና ውስጥ ነው!» ብላ የጮኸችው አክስት ኢሞጂን ናት። ከዚያ ወዲያ በተመራን ቁጥር እኔ መኪና ውስጥ ነኝ። ሬዲዮ መስማት አይፈቀድልኝም፣ መስኮት መክፈት አይፈቀድልኝም። ቡድናችን ተነሥቶ ሲያሸንፍ የማውቀው በሌሎች ጩኸት ነው።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ደግሞ ሁሉንም አልጻፍኩልህም። ላይል የሚባለው ያ ደግ ልጅ አንድ ቅዳሜ አብሮኝ ሊቀመጥ መኪናው ውስጥ ገባና ተሸነፍን። ሁለት ሰው ሲሆን ገዱ ይሰበራል ተባለ፤ በመንደሩ ውስጥ መቆሚያ አሳጡትና ሄደ። የሜምፊስ የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሎኝ ደብዳቤ ሲመጣ አባዬ «የጨዋታው ወራት ይለፍና ትሄጃለሽ» አለኝ። አለፈ፣ ሌላው መጣ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ደብዳቤው አሁንም በመኪናው መሳቢያ ውስጥ አለ፤ እዚያ ያኖርኩት ብዙ ጊዜ ያለሁት እዚያ ስለሆነ ነው።

ሮስኮ፣ አሁን የምነግርህን እስከ ትናንት ለሰው ተንፍሼው አላውቅም። ያችን የመጀመሪያዋን ቀን መኪናው ውስጥ አልነበርኩም። የኋላዋ ተንሸራታች መስኮት አልተዘጋችም ነበር። በእሷ ሾልኬ ወጥቼ፣ ከሙዚቀኞቹ ጀርባ በተሰበረው አጥር ገብቼ፣ ሁሉንም አየሁ። ቁጥር ሠላሳ አራቱ ኳሱን ታቅፎ አራት ሰው ላዩ ላይ እየጎተተ መስመሩን ሲያልፍ እንደ እብድ ጮኽኩ። ከዚያ ሮጬ ተመለስኩ። አንተ በሩን ስትከፍት ሁሉም እየተቀባበለ አቀፈኝ፣ ገደኛዋ እያለ ሳመኝ። መጀመሪያ ዝም ያልኩት የአባዬን ቀበቶ ፈርቼ ነው። በኋላ ግን ደስ ብሎኝ ነው። በዚያ ቤት ጎበዙ አንተ ነበርክ፣ እኔ ማንም አልነበርኩም። ሳድግ ልናገር ስል ደግሞ ጊዜው መሸብኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ ቤተሰብ አታለልሽ እንዳልባል ፈራሁ። በልጅነቴ የዋሸሁት ውሸት በሬን ቆለፈብኝ።

ትናንት መኪናው ውስጥ ተቀምጬ እጆቼን ጉያዬ ውስጥ ወትፌ በብርድ ስንቀጠቀጥ ከቤት ጩኸት ተሰማ። አስቆጥረናል ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም ብቻዬን አጨበጭብ ነበር። ትናንት ግን አላጨበጨብኩም። አባቴ የመጨረሻውን የካርደር ጨዋታ እያየ ነው፣ ሃያ እርምጃ ከእኔ ርቆ፣ እኔ ደግሞ የፔካኑን ዛፍ እያየሁ ነው። ነገ ሲሞት የማስታውሰው ዛፉን ነው? በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

ሳሎን ስገባ ጉድ ፈላ። ሃያ ለአሥራ አራት ሆኗል፣ በስድስት ነጥብ ብቻ ነው የምንመራው። «እየሠራ እያለ! እየሠራ እያለ ትወጫለሽ?» ብላ አክስት ኢሞጂን ጭንቅላቷን ያዘች። እማዬ እንኳ «ልጄ፣ ለአባትሽ ስትይ» አለችኝ። ለአባቴ ስል ነው የገባሁት አልኩና እንደቆምኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መስኮቷን፣ አጥሩን፣ ሠላሳ አራቱን። የአክስት ኢሞጂን ኦቾሎኒ ከእጇ ወድቆ ተበተነ። «እና እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በባዶ መኪና ነው የማልኩት?» አለች።

አባዬ ሬዲዮኑ እንዲቀነስ በእጁ ጠቆመ። በዚያ ቤት በጨዋታ መሃል ሬዲዮ ተቀንሶ አያውቅም። «አውቃለሁ» አለ። «አጥሩ ጋ አይቼሻለሁ። ቀይዋን ኮፍያሽን። ልገርፍሽ ብድግ ብዬ ነበር፣ ጨዋታው ያዘኝ።»

መጀመሪያ የመድኃኒቱ ቅዠት መሰለኝ። ታዲያ ለምን? ታዲያ ለምንድነው ይህን ሁሉ ዘመን ወደ መኪናው የምትልከኝ አልኩት። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅነው። «ሮስኮ ሄደ» አለ። «ላንቺም ከሜምፊስ ደብዳቤ መጣ። ልጄ፣ ቅሪልኝ ብሎ መለመን አላውቅበትም። መኪናዋ አንቺን ያዘችልኝ።»

ተናደድኩ ሮስኮ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ልጮህበት፣ ያችን ኮፍያ ከጭንቅላቱ ላይ ልወረውራት ፈለግኩ። ግን ምን ታደርገዋለህ፣ አንድ ፍሬ ሆኖ፣ ቱቦ አፍንጫው ላይ ተሰክቶ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ያየኛል። «ነይ ቁጭ በይ፣ ጨዋታው አላለቀም» አለኝ። አጠገቡ ያለው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘኝ። አጥንት ብቻ ነው እጁ።

ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ያ ቀጭኑ ልጃችን ኳሱን በአየር ላይ ቀልቦ ከመስመሩ ማዶ ወደቀ። ሃያ ለሃያ። ቀጥሎ የምትመታዋን፣ አንድ ነጥብ የምታስገኘዋን ምት ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ እኔ ግን ገልጬ አየሁ። በግቡ እንጨቶች መሃል አለፈች። ሃያ አንድ ለሃያ! አባዬ መጮኽ ስላልቻለ እጄን ጨመቀኝ። ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቀን ወዲህ ከመመራት ተነሥተው ሲያሸንፉ በዓይኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነው። አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሆነብኝ።

ልነሣ ስል አክስት ኢሞጂን ትከሻዬን ይዛ ወደ ታች ተጫነችኝ። «ንቅንቅ እንዳትዪ! ገዷ እዚህ ወንበር ላይ ነው ለካ! ከእንግዲህ ሌላ ቦታ መቀመጥ የለም!» አለች። እማዬ ወዲያው በወንበሩ እግር ላይ ቀይ ክር አሰረች። የሚቀጥለው ጨዋታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ወንበሩን ማንም እንዳይነካው ግድግዳ አስጠግተው አስቀምጠውታል። ከመኪና ወደ ወንበር ተዛወርኩ ማለት ነው። ይህን ስጽፍልህ እየሳቅኩ ነው።

ሰዎቹ ሆሊስን ሊያበሽቁ ተንጋግተው ሲወጡ አባዬ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አስነሣኝና መዳፌን በላዩ ዘጋልኝ። «የመኪናዋን ሙት ባትሪ ባለፈው ሳምንት ሆሊስ ቀይሮልኛል፣ ለኢሞጂን እንዳትነግሪያት። ትነሣለች» አለ። ወዴት ነው የምሄደው አልኩት። «እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ብቻ ስትሄጂ የጨዋታውን ማለፍ አትጠብቂ፣ በጨዋታ ቀን ሂጂ» አለኝ።

እሱ እያለ የትም አልሄድም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ፣ እሱም ያውቃል። ቂሜም ገና አልወጣልኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ግን መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው፣ ዛሬ በሾፌሩ ወንበር። ቁልፉን አዞርኩት፣ ተነሣች። ዶሮዎቹ ተበታተኑ። እባክህ ገና ሳይደርስ ና። ሊትል ሮክ አውሮፕላን ጣቢያ መጥቼ የምወስድህ እኔ ነኝ።

እማዬ ሹራብ እየሠራችልህ ነው፣ ለናዲንና ለሕፃኑም እንዲሁ፤ ናፍቆቷ በእንባ ነው። አባዬ ካርደርን ቀጣናቸው በይው ብሎሃል። አክስት ኢሞጂን ሰላም ብላህ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን ለብሰህ የት ተቀምጠህ እንደነበር ቁልጭ አድርገህ ጻፍልኝ፣ ምናልባት አንተም አለህበት ብላለች። ሆሊስ እንኳ ሳይቀር ሰላም ብሎሃል፣ ፊቱን አኩርፎ። ናዲንን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ሕፃኑንም ሁለት ጉንጩን።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ያን ቀን በሩን ቆልፈህ ስትሄድ የኋላዋን መስኮት ሳትዘጋት የቀረኸው ረስተህ ነው ወይስ አውቀህ? በደብዳቤ አትመልስልኝ። መጥተህ፣ አባዬ በሚሰማበት ንገረኝ።

እህትህ ቬርና

ቤንተን ፎርክ፣ አርካንሳስ
እሑድ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1998