ለአባዬ ያቃጠልነው መጽሐፍሽ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለዋይ-ሳም፤

ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እታለም፣ ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ እንዳዘዘሽ ትተኛለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ተነሥተሽ ዕቃ ታጥቢያለሽ? ትንሿ ሊንግ ደኅና ትጠባለች? ሌሊትስ ታስተኛችኋለች? ባልሽ ኪ-ፑን እንዴት ከረመ? የማንችስተር ዝናብ ዛሬም አላባራም ወይስ ፀሐይ አያችሁ? እማዬ ማዕድ በቀረበ ቁጥር «እዚያ የአሳማ እግር በዝንጅብልና በኮምጣጤ ማን ይቀቅልላታል? አራስ ልጄ ዳቦ ስታላምጥ ነው የምትውለው» እያለች የራሷ ምግብ ይቀዘቅዝባታል።

እኛ ደኅና ነን። ደኅና ስልሽ እንበላለን፣ እንተኛለን ማለቴ ነው። እማዬ የፊልም ካሴት ማከራያችንን እንደገና ከፍታለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ አግዛታለሁ። ደንበኞች ካሴት ሲመልሱ ከልማድ የተነሣ ዓይናቸው የአባዬን ወንበር ይፈልጋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አይዞህ» ይሉኛል። በቀብሩ ስላልተገኘሽ ያማሽ ሰው የለም። እርጉዝ ለቅሶ ቤት እንደማትደርስ ሁሉም ያውቃል፤ አንቺም በዚህ ራስሽን አታሠቃዪ። የሚሠቃይ ሰው ከተፈለገ እኔ አለሁ።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰን። ለእማዬ ጮክ ብዬ ሳነብላት «ከአባዬ ዕቃ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ከዚህ የላክሁለትን ያንን የፊልም መምሪያ መጽሐፍ ብቻ ላክልኝ» ካልሽው ላይ ስደርስ አፌ ተሳሰረ። እማዬ «ምነው ዝም አልክ? ቀጥል እንጂ» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጋሼ ቹንን ሰላም በሉልኝ ትላለች» ብዬ አለፍኩት። እታለም፣ መጽሐፉ የለም። ደብዳቤሽ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት፣ በእሳቱ እዚያኛው ዓለም እንዲደርሰው ለአባዬ አቃጠልነው። የመረጥኩትም እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ከባንኮኒው ኋላ ያሉትን ሁለቱን የፊልም መምሪያዎች ታውቂያለሽ፤ አንዱ የእኛው አገር ሰዎች ያዘጋጁት ወፍራሙ፣ ሌላው የአንቺ፣ እንግሊዛዊው ስለ እኛው ፊልሞች የጻፈው። ወፍራሙ አይሳሳትም፤ መብራት የያዘውን ሰው ስም እንኳ አይዘልም። ግን ፊልሙን ልይ ወይስ ልተው ብለሽ ስትጠይቂው አፉን ይዘጋል። የአንቺው ደግሞ ስሕተቱ አያልቅም፤ አጎትየውን ወንድም፣ ገረዷን ሚስት ያደርጋል። ሆኖም ሰውዬው ፊልሙን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አይቶታል። ሲስቅም ያስታውቃል፤ ሲሰለቸውም ያስታውቃል። ያላየውን «ይህን አላየሁትም» ይላል። አባዬ ይህን በጣም ይወድለት ነበር፤ «አላየሁም የሚል ዐዋቂ ከየት ይገኛል?» ይል ነበር።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንግሊዝኛ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ደንበኛ አንድ ካሴት አንሥቶ ሲያመነታ አባዬ ከወንበሩ ሳይነሣ «ካም-ሺንግ! ነጩ ሰውዬ ስለዚህኛው ምን ይላል?» ብሎ ይጮኽ ነበር። አነብለታለሁ፤ እሱ ጭኑን እየመታ ይስቃል፤ ቀጥሎም ሰውዬው ፊቱ የቆመ ይመስል ይሟገተዋል። አንድ ቀን «ሁልጊዜ ከሚሳሳት ሰው ጋር ምን ያጨቃጭቅሃል?» ብዬ ብጠይቀው «መምሪያ ማለት እኮ የምትስማማበት ነገር አይደለም። ሲኒማ ቤት አጠገብህ ተቀምጦ የሚነዘንዝህ ሰው ነው። ብቻውን ፊልም ያየ ሰው ያየው ግማሹን ነው» አለኝ። ያኔ ብዙም አልገባኝም ነበር።

አባዬ ከተቀበረ በኋላ እስከ ሰባተኛው ሰባት፣ እስከ አርባ ዘጠኝ ቀኑ ድረስ ፊልም አላየንም። የሱቁንም ቴሌቪዥን እማዬ በጨርቅ ሸፈነችው። እኔ ግን ፊልም ማየት እንጂ ስለ ፊልም ማንበብ አልተከለከለም ብዬ ራሴን አታለልኩና የአንቺን መጽሐፍ ከባንኮኒው ሥር ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሰውዬው ስለ አንድ የሰይፍ ፊልም የጻፈውን ሳነብ ሣቅ አመለጠኝ፤ ክንዴ ላይ የሐዘን ጨርቅ እንደተሰፋ፣ ሱቁን የሞላ ሣቅ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ሰባተኛው ሰባት ሲቃረብ ለአባዬ የሚቃጠለውን የወረቀት ዕቃ ላመጣ ወደ ጋሼ ቹን ሱቅ ሄድኩ። የወረቀት ቴሌቪዥንና የወረቀት ቪዲዮ ማጫወቻ አዘጋጅተውለት ነበር። «አባትህ እዚያም ማከራያ ሳይከፍት አይቀርም፤ ካሴቱን በርከት ላድርግልህ» አሉኝ። «ካሴት ወደ መጀመሪያው ሳያጠነጥኑ የሚመልሱ ሙታን ወዮላቸው! እዚህ እንኳ እኔን የኻያ ዓመት ጎረቤቱን ስንቴ አዋርዶኛል።» ካሴቶቹን ሳያቸው አንዱም ላይ ርዕስ አልተጻፈም። ይህንን ስነግራቸው «ታዲያ መምሪያ ላክለታ!» ብለው ሣቁ። እሳቸው ቀልደው ነው፤ እኔ ግን ከልቤ ያዝኩት። ለእማዬ ስነግራት «ከሁለቱ የሚወደውን አንተ ታውቃለህ፤ ምረጥ» አለችኝ።

የአንቺን መረጥኩ። የተሻለው እሱ ስለሆነ ነው አልኩ፤ እውነትም የተሻለው እሱ ነው። ሙሉው እውነት ግን ይህ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ከፊቴ ቢጠፋ ያ ሣቄም አብሮት የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። አንቺ በላክሽለት መጽሐፍ ኃፍረቴን አቃጠልኩበት። አንቺን ልጠይቅ እንኳ አላሰብኩም።

እሑድ ከጓሮው መተላለፊያ በበርሜል እሳት አነደድን። የወረቀቱ ቴሌቪዥን ቦግ ብሎ ጠፋ። መጽሐፉ ግን እንቢ አለ፤ የተዘጋ መጽሐፍ ለካ አይነድም፣ ጠርዙ ብቻ ይጠቁራል። ጋሼ ቹን «አውጣው፤ እየገነጠልክ ስጠው» አሉኝና አንድ አንድ ቅጠል እየገነጠልኩ እከት ጀመር። እኩሌታው ላይ ስንደርስ እማዬ በድንገት «ቆይ እንጂ! እንግሊዝኛውን እዚያ ማን ሊያነብለት ነው?» አለች። እኔ የነጩን ሰውዬ ስሕተት ስለቅም የኖርኩት፣ ለማያነብ ሰው መጽሐፍ እየላክሁ ነበር! ጋሼ ቹን ግን «ሆንግ ኮንግ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሙት ጠፍቶ ነው? ለአንዱ ካሴት በነፃ ያከራየውና ያነብለታል» አሉ። እማዬ እያለቀሰች ሣቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን አልሣቅሁም። አንባቢዎቹ አንቺና እኔ ነበርን፤ ሁለታችንም እዚህ ቀርተናል።

ከዚያ በኋላ ስገነጥል ከአንድ ቅጠል ላይ የአባዬን የእርሳስ ጽሕፈት አየሁ። ስለ «የዘጠኙ ድልድዮች ዘበኛ» ፊልም ነው፤ ትንሽ ሳለሽ ኋላ በፈረሰው ሲኒማ ቤት አባዬ ያሳየሽ። እንግሊዛዊው «ይህን ማየት ጃንጥላ ሲደርቅ ቁጭ ብሎ እንደ መጠበቅ ነው» ብሎ አንድ ኮከብ ሰጥቶታል። አባዬ አጠገቡ አራት ኮከብ ጨምሮ፣ ከሥሩ በእኛው ጽሕፈት «ዋይ-ሳም አልቅሳበታለች። ይህ ሰው ልጅ የለውም» ብሎ ጽፏል። እጄ ወደ እሳቱ አልሄድ አለኝ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ማንም አላየኝም። ከሙት ላይ እንደ ሰረቅሁ ግን ዐውቀዋለሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪሴ ይከብደኛል።

ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ለእማዬ የዘለልኩትን መስመር አነበብኩላት። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እማዬ ግን «እሷም የላከችው ለእሱ ብላ አይደል? ደርሶታል በላት» አለችኝ። እሷ ይህን ማለቷ ለእኔ ይቅርታ አይሆነኝም፤ ይቅርታው የአንቺ ነው። ቅጠሉን እዚህ ውስጥ አጥፌልሻለሁ። ጠርዙ ከጠቆረ የእሳቱ ነው፤ እንዳትደነግጪ።

አባዬን ዐውቀዋለሁ። እዚያ አንድ ቀን ደንበኛ ያንን ካሴት ያነሣል፣ እሱም መጽሐፉን ሲያገላብጥ ቅጠሉ ጎድሎ ያገኛል። ያኔ «ነጩ ሰውዬ ስለዚህኛው ምን ይላል?» ብሎ መጮኹ አይቀርም። አደራሽን፣ እሱም እንዲሰማሽ በእኛው ቋንቋ ጮክ ብለሽ ለሊንግ አንብቢላት። እስከ ታች፣ የእሱን እርሳስ ጨምረሽ።

እማዬ ሁለት ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ ኮምጣጤውን እንዳትረሺ ብላለች። ጋሼ ቹን አሁን በእውነት ሰላም ብለውሻል። ድመታችንም አለች፤ የአባዬ ወንበር ላይ ነው የምትተኛው፣ ማንም አያስነሣትም። ኪ-ፑንን ሰላም በይልኝ፤ ሊንግን ግንባሯን ሳሚልኝ።

የበደለሽ ወንድምሽ
ካም-ሺንግ

ሻም ሹይ ፖ፣ ሆንግ ኮንግ
እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1994