በአጎትህ ጊታር ላይ ስላሉት ጭረቶች

ለቤት ተጋሪዬ፣

ፍሪዘሩን እስከ ማታ እንዳትከፍተው። ውስጡ አሮጌ አስመስልልኝ ያለኝ የደንበኛ ጊታር አለ፤ ቀለሙ በብርድ እንዲሰነጣጠቅ ነው። ሥጋህን ጎረቤት አስቀምጬልሃለሁ።

ሌላው የአጎትህ ጊታር ነው።
ስንቴ "ዕቃህን መሥሪያ ክፍሌ አታስገባ" ብዬህ ነበር! አጎትህ መጫወት ስለማይችሉ ሃምሳ ዓመት ከሳጥኑ ያልወጣ ጊታር አዲስ ነው የሚመስለው። አሮጌ አስመስል የተባልኩት እሱን መስሎኝ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ በቁልፍ ጫጫርኩት።

ዛሬ ጠዋት ሊወስዱት መጡ። አንገቴን ደፍቼ ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን ጭረቱን እየዳበሱ ዓይናቸው እንባ ሞላ።
"ይቺ የወንድሜ ሠርግ ላይ ስጫወት የተጫረች ናት" አሉ። "ይቺ ደግሞ ከመኪና ላይ የወደቀ ጊዜ።"
ሁለቱንም የጫርኩት ማክሰኞ ዕለት ነው!

ከዚያ ገልብጠው ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ።
"ከመድረክ ስወድቅ የተሸረፈው የት ሄደ? ማን ጠግን አለህ?" ብለው ጮኹብኝ።
እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ያልነበረውን ሽርፋት ስለጠገንኩት ይቅርታ ጠየቅኩ። እንደነበረ እንድመልሰው ስላዘዙኝ መሮ ልገዛ ወጥቻለሁ።

ላንተ የሚገባውን ይቅርታ ስመለስ እንነጋገርበታለን።

እሳቸው ሳሎን ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው። ሻይ አፍላላቸው፤ የሚያወሩህን ሁሉ አዳምጣቸው።
አደራህን፣ ተጫወቱልን ብቻ እንዳትላቸው።