የአንተ ዲግሪ፣ የእኔ ዲግሪ

ውድ ቻይታንያ፣

ትናንት የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። «አጎቴ ያለውን እሺ በሉት፤ ከሠርጉ በኋላ ከደመወዜ ቀስ እያልኩ ለአባትሽ በድብቅ እመልስለታለሁ» ትላለህ። በስልክ ልመልስልህ ጀምሬ ተውኩት። በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም።

እሑድ ልታጩኝ ስትመጡ እናቴ ከንጋት ጀምራ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ ስታድበለብል ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ የተሰጣውን በርበሬ ራሱ ሰብስቦ ወደ ጓሮ ወሰደው፤ እንግዶቹን እንዳያስነጥሳቸው ብሎ። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለው አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ እናቴን እንዲህ ሲላት ነው የከረመው፦ «ልጁ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ልጅቷም ኮምፒውተር ሳይንስ። ኮሌጁ አንድ፣ ክፍሉ አንድ። ከሴት ወገን ነው ብለው ምን ጥሎሽ ሊጠይቁን ይችላሉ? ሚዛኑ እኩል ነው!» የበርበሬ ገበያ ሰው ነዋ። በዚህ በኩል አንድ ጆንያ፣ በዚያ በኩል አንድ ጆንያ አድርጎ ነው ያሰበው። እኔም ብሆን፣ ሁለታችን ከተስማማን በኋላ የቀረው የሽማግሌዎች ወግ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አጎትህ ሱባራዩዱ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እንግዲህ አቶ ቡቻያ፣ በግልጽ እንነጋገር። ልጃችን የተማረበትን ኮሌጅ ያውቁታል። ከመላው ህንድ ተለቅመው የሚገቡበት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሙሽራ የሴት ወገን ምን እንደሚሰጥ እርስዎም ሰምተዋል። እኛ ብዙ አናስቸግርም። ሃይደራባድ ላይ አንድ አፓርታማ፣ አንድ መኪና። ወርቁን ለልጅዎ የወደዱትን ያህል ያድርጉላት።»

«ልጄም እኮ እዚያው ነው የተማረችው» አለ አባቴ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ጥሩ ነው እንጂ። የልጆቹን የቤት ሥራ የምታሳይ አገኘን፤ አስጠኚ መቅጠር ቀረልን!»

ሁሉም ሳቀ። አባትህም ሳቀ። አክስትህ እጄን መታ መታ እያደረገች «አይዞሽ፣ ሲቀልድ ነው» አለችኝ። አንተ ሙዝ ላጥክ። ልጠህም በላኸው።

«እሷ እንዲያውም በውጤት ትበልጠኝ ነበር» ብትል ይበቃኝ ነበር። ውሸት አይሆንብህም። በሁለተኛው ዓመት ሊጥልህ የደረሰውን ትምህርት ምግብ አዳራሹ ውስጥ፣ ሩዙና ምስር ወጡ እየቀዘቀዘብን፣ ያስረዳሁህ እኔ ነኝ። የወደድኩህም እዚያው ነው። «አልገባኝም» ለማለት የማታፍር ልጅ ነበርክ። በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ የሚል ሌላ ወንድ አላጋጠመኝም።

አጎትህ ስለ ዋጋ ማውራት ከወደደ፣ የእኔ ዲግሪ ምን እንዳስከፈለ ንገረው። ለመግቢያ ፈተናው ልዘጋጅ ቪጃያዋዳ ከተማ ማሠልጠኛ ስገባ አባቴ ቦዩ አጠገብ ያለውን፣ የተሻለውን ማሳ ሸጠ። እናቴ ከእናቷ የወረሰችውን የወርቅ ሐብል ከአንገቷ አወለቀች። የልጅነቴን የመጨረሻ ዓመታት እዚያ ማሠልጠኛ ውስጥ ጨረስኳቸው። በየሳምንቱ ደረጃችን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስሟ ከታች የወጣ ልጅ ራት ሳትበላ ትተኛለች። ማልቀስ እንኳ ከጥናት ሰዓት የሚቀነስ ነገር ነበር።

ያ ሁሉ ዋጋ ይገባው ነበር ወይ? ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ደመወዙን ብቻ ካየሁ፣ እዚሁ ከከተማችን ኮሌጅ የተመረቀችው የአክስቴ ልጅ ዛሬ ከእኔ ጋር አንድ ቢሮ ነው የምትሠራው። በሥራዋ ከእኔ አታንስም። ለእሷ ማንም ማሳ አልሸጠም። ግን ያ ኮሌጅ አንድ ነገር አስለምዶኛል፤ «እንዲህ ነው» ስለተባልኩ ብቻ አልቀበልም፣ ማስረጃውን አምጡ እላለሁ። እሑድ እነሱ ሲስቁ አንተ ከእኔ በምን እንደምትበልጥ ማስረጃውን ፈለግኩ። አላገኘሁም።

አባቴ ግን ማስረጃ አልጠየቀም። በማግሥቱ ለቀረችው ማሳ ገዢ ጠራ። ሐሙስ ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ። ያን ስሰማ ማሳው ድረስ ሄድኩበት።

«አባዬ፣ አትሸጣትም።»

«ሰው ምን ይላል? መጥተው አይተው ተዉአት ነው የሚባለው።»

«እሷ ተወቻቸው በላቸው።»

«ለአንቺ ቀላል ነው! ነገ ሃይደራባድ ትገቢያለሽ። እዚህ በሰው አፍ የምንገባው እኔና እናትሽ ነን።» ከአንዱ ተክል የደረቀ ቅጠል ቀነጠሰ። «ደግሞ ማሳ መሸጥ ያስፈራኛል ብለሽ ነው? ያኔ የቦዩን ስሸጥ ቆጭቶኝ ያውቃል? ዛሬም አይቆጨኝም።»

«ለምን አልቆጨህም?»

«ለአንቺ ነዋ የሸጥኩት! ይሄኛውን ደግሞ…»

አልጨረሰውም። ለማን እንደሚሸጣት አፉ ሊናገረው እንዳልቻለ አየሁ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ገዢው ጋ ደወለ። «ወንድሜ፣ ሐሙስ አትምጣ። የሚሸጥ መሬት የለኝም» አለው። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ድምፁ ግን እሑድ እንደነበረው ዝቅ አላለም።

በድብቅ እመልሳለሁ ላልከው መልሴ ይኸው ነው። አባቴ የተዋረደው ሰው ሁሉ እያየ ነው፤ አንተ ልትክሰው የፈለግከው ግን ማንም ሳያይ ነው። ያን ቀን ከአንተ የፈለግኩት አንድ ቃል ነበር። ከደመወዝህ የሚቆረጥ አልነበረም።

ወድጄህ ነበር። አሁንም ከልቤ ጨርሰህ አልወጣህም፤ ይህን የምጽፍልህ ተስፋ እንድታደርግ ብዬ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። ትወጣለህ።

አጎትህ ሌላ ገዢ አያጣልህም። እኔ አልገዛህም።

ደህና ሁን።

ስራቫንቲ፣ የቡቻያ ልጅ