ከአበልጅ የማይጠየቅ ደረሰኝ

ለአበልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ ጉልበቷን ተሻላት? የኩሽናው መስኮት አሁንም ንፋስ ያስገባል ወይ? በጋዜጣ አይሆንም፣ ጨርቅ ወትፉበት። እኔና ልጄ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። ሌላ ምን እንላለን።

የምጽፍልህ ስለ ሚርዛ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። የመጀመሪያ ጸጉሩን በመቀስ የቆረጥክለት አንተ ነህ። በእኛ በቦስኒያውያን ወግ የልጅ ጸጉር የቆረጠ ሰው ከወንድም ይበልጣል፤ አይጠረጠርም። ጉዳችን የመጣውም ከዚሁ ነው።

ስሎቬንያ ነጻ ትውጣ አትውጣ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ "ከሌላ ሪፐብሊክ የመጣችሁም መብታችሁ አይነካም" ብለውን ነበር። ባሌ ራሲም አምኖ "ትውጣ" አለ፤ ካንተም ጋር ብርጭቆ አጋጨ። ኋላ "በስድስት ወር ውስጥ ለዜግነት አመልክቱ" ሲባል የሦስታችንንም ቅጽ በእጄ ሞላሁ። አንተ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣ በድንች የጋገርኩትን ፒታ እየበላህ፣ "ምን ሰልፍ ያንገላታችኋል? ወዲህ በሉት፣ እኔ አስገባዋለሁ" አልክ። እኔ ደረሰኙስ ብል ራሲም ተቆጣኝ። "አንቺ ሴት፣ ካበልጅ ደረሰኝ ይጠየቃል? ልታዋርጂኝ ነው?" አለኝ። አንተም ሳቅክ።

በየካቲት "ወረቀታችሁን ለማስተካከል ኑ" የሚል ጥሪ ሲመጣ ራሲም የሠርግ ሱፉን ለበሰ። አዲሱን መታወቂያ ሊሰጡን ነው ብሎ! መስኮቱ ላይ የተቀመጥከው አንተ ነበርክ። መታወቂያችንን በመብሻ በሳህና፣ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየን፣ "አላመለከታችሁም፤ መዝገብ ላይ የላችሁም" አልክ። ራሲም "አበልጄ፣ ቀልዱ ይብቃህ" አለህ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እሱ ግን ከወደቀም በኋላ ፈረሱን ያምን ነበር።

በግንቦት ፖሊስ መንገድ ላይ ያዘው። ድንበር አሻግረው የቦስኒያው ጦርነት ውስጥ ጣሉት። አንዲት ፖስትካርድ ጻፈልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። እኔንና ልጁንም ወረቀት የላችሁም ብለው ከቤታችን አስወጡን።

አሁን ሚርዛ አናጢ ዘንድ ሥራ አገኘና ወረቀት አምጣ ተባለ። ጉዳያችንን የያዘችው ጠበቃ ካንተ አንድ መስመር ይበቃል ትላለች፤ "ቅጹን በጊዜው ተቀብያለሁ" የምትል። እንደሚያስጠይቅህ አውቃለሁ። ያስጠይቅህ! እስከዛሬ ዝም ያልኩት ላንተ አዝኜ መሰለህ? አፍሬ ነው። ያንተን ሥራ እኔ አፈርኩበት።

የቆረጥከውን ጸጉር በመሀረብ ጠቅልዬ አኑሬው ነበር፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ከፈረምክ መልስልኝ። ካልፈረምክ እዚያው ይቅር፤ አበልጅነቱም አብሮ ይቅር።

ፈጣሪ ልጆችህን ካመኑት ሰው ክህደት ይጠብቅልህ።

አድራሻህን ማንንም አልጠየቅሁም፤ ስንት ዓመት ደብዳቤ የተቀበልኩበት ቤት ነው። ፖስታው ላይ ስጽፍ ግን እጄ ለምዶበት ከቤቱ ቁጥር በላይ የራሲምን ስም ጻፈ። ሰርዤ ያንተን ጻፍኩ። ስርዙን ስታይ እንዳይገርምህ።

የሚርዛ እናት