የአባዬ ባልቦላ

ወንድምዓለም፣

ቴፒ እንዴት ይዛሃለች? ጤናህስ? ልጆቹስ በረቱልህ? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ሚዛን ዝናቡ አላባራ ብሎ ቡናው አልደርቅ አለን እንጂ ደህና ነን። ይህን ሁሉ በስልክ ያልዘረዘርኩልህ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ደብዳቤውን ለሚኒባሱ ሾፌር ለፍቅሩ ሰጥቼልሃለሁ።

ነገሩ የአባዬ ራዲዮ ነው። የእሱ ለቅሶ አልቆ አንተ ከሄድክ ወዲህ ትንፍሽ አላለም። ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክ የሚጠግነውን ከድርን ጠራሁት። ጀርባውን ከፈተና አንዷ አምፖል ከቦታዋ የለችም አለኝ። አባዬ ባልቦላ ይላት የነበረችው! አየሯ ተመጥጦ የወጣ፣ ውስጧ ያለው ክር ሲግል ከሩቅ የመጣውን ስስ ድምፅ የምታጎላዋ ብርጭቆ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሱን ከድርን ነው። ዓይኔን ሳልነቅል ቆሜበት እንኳ ኪስህን አሳየኝ አልኩት። ወላሂ እያለ ገለበጠልኝ፤ ምስኪን፣ አቧራ ብቻ ነው የወጣው።

ከዚያ አንተን ጠረጠርኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ለቅሶ ላይ ይሄማ ሙዚየም ነው የሚገባው ስትል ሰምቼሃለሁ። ባልቦላዋ ጠፋች ብዬ ብደውልልህ ደግሞ የቆጣሪ ባልቦላ ገዝተህ ላክህልኝ! እኔን ነው የምታሞኘው? ዛሬ ባልቦላ ሲባል ሰው ሁሉ የቆጣሪውን ቢያስብም፣ አንተ እኮ ያን ራዲዮ ከአባዬ ጋር ስትፈታና ስትገጥም ያደግህ ነህ። የእውነት ረስተኸው ከሆነማ ይብሳል። እማዬ የላክኸውን ስታይ ክፍት አላት። እሱ ራሱ አይመጣም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የእሷም ነገር ግራ ገባኝ። ያለ ራዲዮ ቁርስ የማትቀምስ ሴትዮ ዝም ብላለች። ከድር ከሌላ ራዲዮ ፈትቼ ላምጣ ቢል እንዳትነካው ብላ ተቆጣች፤ ልጄ መጥቶ ይሠራዋል አለች። ትናንት ነጠላዋን ልጠብልሽ ብዬ ብስበው አለቅም አለች። ቁልፏን የምትቋጥርበት ጫፍ አብጧል። ዳሰስኩት፤ ጠንካራና ሞላላ ነገር ነው። ምንድነው ስላት ኮረሪማ ነው አለችኝ። እኔ ግን ቁልፍ ሲነካው ቅጭል የሚል ኮረሪማ አይቼ አላውቅም።

ምንም አልተናገርኩም፤ አንተም እንዳትናገር። ከድርንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሌላ ባልቦላ አትላክ፣ ባዶ እጅህን ና።

ጌታ መንገድህን ያቅና፣ ቤትህን ይባርክ። ስትደርስ እማዬን እቀፋት፤ ግን ቀስ ብለህ። የምትሰበር ኮረሪማ ይዛለች።

እህትህ