ትንሿን ነጥብ ለሌላው ያሳዩት የሲስተር ሠርካዲስ መሸሻ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ሠርካዲስ መሸሻ ከአባታቸው ከአቶ መሸሻ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርሃኔ ደስታ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ቀጨኔ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። አባታቸው ሸማኔ ስለነበሩ የተበጠሰ ክር ፈልጎ ማግኘት ከልጅነታቸው ጀምሮ የእሳቸው ሥራ ነበር። ዓይኔ የተሳለው እዚያ ነው ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ሠፈር ተከታትለው፣ በ1988 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተቀጠሩ። የሆስፒታሉን ስም እንዳላነሣ አደራ ብለውኛል። አደራ ሆኖብኝ ነው እንጂ ብጠራው ደስ ይለኝ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ወደ ሕንድ ተልከው ለአንድ ዓመት በኑክሌር ሕክምና ሠለጠኑ። ብዙዎቻችን ሥራቸውን ሳናውቅ ስለፈረድንባቸው ዛሬ ላስረዳ። በእጅ ተዳስሶ የማይገኝ፣ በራጅ ፎቶ ላይ ብቻ እንደ ነጥብ የሚታይ የጡት በሽታ አለ። ሲስተር ሠርካዲስ ያዘጋጁት ጥቂት ጨረር ያለው መድኃኒት በመርፌ እዚያ ነጥብ ላይ ይሰጣል። ቀዶ ሐኪሙ በእጁ የሚይዘው መፈለጊያ ወደ ነጥቡ ሲቀርብ ይጮኻል፣ ሲርቅ ዝም ይላል። በዚህም ጡት ሙሉውን መቆረጡ ቀርቶ የታመመው ብቻ ይወጣል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያገለገሏቸው ሴቶች ከአራት መቶ ያልፋሉ። አንዳንዶቹ እዚህ ቆመዋል።

በ1996 ዓ.ም. ከአቶ ኪሩ ጋር በተክሊል ተጋብተው ነበር። ከሕንድ ሲመለሱ ግን «ጨረር የነካት ሴት አትወልድም» የሚል ወሬ ከአማቶቻቸው ቤት ተነሥቶ፣ በ2001 ዓ.ም. ተፋቱ። ልጅ አልወለዱም። ወደ ወላጆቻችን ቤት ቢመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። የእድራችን ሴቶች ልቅሶ ቤት ወጥ ሲሠሩ ሽንኩርት እንኳ አላስነኳቸውም። ደረታቸው ላይ የሚያደርጓት ትንሽ ባጅ የነካቸውን ጨረር የምትለካ ነበረች። በየሦስት ወሩ ትነበባለች። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከተፈቀደው አልፋ አታውቅም። ውጤቱን በወረቀት አምጥተው አሳይተውናል፤ ያነበበው ሰው የለም።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባላል። በ2002 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ዮናስ ሚስቱ ሮሐ ስታረግዝ እኅቱን ከቤት እንዲወጡ ነገራቸው። ያ ዮናስ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ። ሳይከራከሩ ልብሳቸውን ሰብስበው ሸጎሌ ቤት ተከራዩ። የልጄ የትሕትና ክርስትና ዕለት «እጄን ታጥቤያለሁ፣ አንዴ ልቀፋት?» ብለው ለመኑኝ። «ሌላ ጊዜ» አልኳቸው። ዳግመኛ አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሲመጡ በር አጠገብ መቀመጡ ልማድ ሆኖ ቀረ።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ያችኑ የሚያውቋትን ነጥብ በገዛ ጡታቸው ፎቶ ላይ አዩ። ቀዶ ሕክምናው ለየካቲት 9 ተቀጠረ። መድኃኒቱ የሚወጣበት ዕቃ ከውጭ በአውሮፕላን የሚመጣ ሲሆን ኃይሉ በየሦስት ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ዕቃው አንድ ፊርማ ጎድሎት አሥራ አንድ ቀን መጋዘን ተቀመጠ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሲወጣ ከአሥራ ስድስት እጅ አንዱ ብቻ ቀርቶት ነበር። ተራው ካለፈ ደግሞ ሌላ ብዙ ወር መጠበቅ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ በግምት ቆረጠ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። የወጣው ሥጋ ጤናማ ነው ይላል። እልል አልን። እኔ ለመድኃኔ ዓለም የተሳልኩትን ጃንጥላ አስገባሁ፤ ሠፈርተኛውም እንኳን እግዜር ማረሽ አላቸው። እሳቸው ብቻ ወረቀቱን ደግመው አነበቡት። የወጣው ጤናማ ከሆነ በሽታው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። እንደገና ልቆረጥ ሲሉ «እትዬ፣ የማረሽን አምላክ አትፈታተኚው» ያልኳቸው እኔ ነኝ። «ዮኒ፣ ወረቀቱ እኮ አልተገኘም ነው የሚለው» አሉኝ። አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈለግሁም። ሆስፒታሉም «ውጤቷ ጤናማ ነው» ብሎ ከወረፋው መጨረሻ አሰለፋቸው። እሳቸው ተራቸውን እየጠበቁ፣ መድኃኒቱ በመጣ ቁጥር ለሌሎች ሴቶች ያዘጋጁ ነበር።

ተራቸው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሲደርስ መፈለጊያ አላስፈለገም። እባጩ በእጅ ይዳሰስ ነበር፤ ጉበታቸውም ላይ ደርሷል። ታመው ሳሉ ትሕትና ልታቅፋቸው ብትጠጋ «አባትሽ አይወድም» ብለው እጇን መለሱት። ልጄ ይህን የነገረችኝ ትናንት ነው።

ሲስተር ሠርካዲስ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ከሞቱ አሟሟቱ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ገላቸው ሲታጠብ እንኳ «ጨረሩ አይነካንም ወይ?» ያሉ ነበሩ። ሮሐ ብቻዋን አጠበቻቸው።

ወንድማቸውን ዮናስን፣ ሮሐንና ትሕትናን፣ እንዲሁም ስማቸውን የማላውቃቸውን ከአራት መቶ በላይ ሴቶች ትተው አልፈዋል። የፈለጉትን ሁሉ ያገኙ የነበሩትን እኅቴን መድኃኔ ዓለም ፈልጎ ያግኛቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍ። ለእኛም ቢዘገይ ማስተዋሉን ይስጠን።

አሁን ወደ መቃብሩ ስንሄድ ፎቶግራፋቸውን ይዛ ከፊት የምትሄደው ትሕትና ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አክስቷን ስታቅፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።